አንድ ገመድ ላይ የማይውሉ ቃላት

በሆቴሉ ምድር ቤት ባለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሁላችንም ክረምት እያልን ነበር የምንጠራት። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው። ግን ጠዋት ከገባች ጀምሮ ክንዷ ከአረፋ፣ ጫማዋ ከውሃ ስለማይለይ፣ አንድ ቀን በሩ ላይ ብቅ ስትል ከመካከላችን አንዱ «ይኸው ክረምት ገባ» አለና በዚያው ጸና። አልከፋትም። «ክረምት ባይኖር ምን ትበሉ ነበር?» ብላ ስሙን ራሷ አጸደቀችው።

እኔ ከእሷ በስተቀኝ፣ ከመስኮቱ ሥር ቆሜ ልብስ እተኩሳለሁ። ካውያ እጅና ዓይን እንጂ ጆሮ አይፈልግም፤ ስለዚህ ጆሮዬ ዕድሜውን ሁሉ ሥራ ፈት ነው። መደርደሪያው ላይ ትንሽ ሬዲዮ አለች፤ በመስኮቱ አናት ደግሞ የእንግዶች እግር ያልፋል፣ ከእግራቸው ጋር ወሬያቸው። እንግሊዝኛን የለቀምኩት ከእነዚህ ከሁለቱ ነው፤ ከሬዲዮዋ ሰላምታና የአየር ጠባይ፣ ከእግሮቹ ደግሞ ስሞታ። አንድ ቃል ልቤ ውስጥ ተደላድሎ እስኪቀመጥ ሳምንት ቢፈጅ ቅር አይለኝም። ማን ይቸኩልብኛል?

ክረምት ግን የሚያስቸኩል ነገር መጣባት። እጇ ተሰነጣጠቀ። መጀመሪያ በጣቶቿ መጋጠሚያ ላይ ቀጫጭን መስመር ወጣ፣ ቀጥሎ መዳፏ እንደ ደረቀ ኩሬ ተተረተረ። ጓንት አደረገች፣ ቅባት ተቀባች፣ ጓንቱንም ቅባቱንም አንድ ላይ ሞከረች። ሐኪሙ መዳፏን ገልብጦ አየና ነገሩን ሳያድበሰብስ፣ ወይ አንቺ ውሃውን ትተዪዋለሽ ወይ እጅሽ ይተውሻል አላት። ይህን ስትነግረን እየሳቀች ነበር። የአንሶላውን ጫፍ ስትጨምቅ ግን ከንፈሯን ነክሳ አየኋት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል።

ሥራ ትታ ቤት መቀመጥ ለእሷ የሚታሰብ አልነበረም። ፈቃድ በወጣች ሰሞን እንኳ «በዚህ በኩል ሳልፍ ነው» እያለች ብቅ የምትል ሴት ናት። ደግነቱ በዚያው ሰሞን የሁለተኛው ፎቅ ተቆጣጣሪ ወደ ሌላ ከተማ ሄደችና ቦታው ክፍት ሆነ። የፎቅ ተቆጣጣሪ ክፍሎቹን ትዞራለች፤ አልጋው በወጉ መነጠፉን፣ ፎጣው መሟላቱን ታያለች፤ እንግዶች የጎደላቸውን ሲነግሯት ትሰማለች። ደረቅ ሥራ ነው። ሥራ አስኪያጇ ሰው የምትመርጠው ከውስጥ እንደሆነ አስታወቀች። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሚመረጠው ሰው ከእንግዳ ጋር በእንግሊዝኛ መግባባት አለበት፣ ይህንንም ራሷ አነጋግራ ታረጋግጣለች። ክረምት ያን ዕለት እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወጣችና ተመዘገበች።

እንግሊዝኛ አታውቅም ማለት አይቻልም። ቃል አላት፤ እንዲያውም የእሷ ከእኔ ይበዛል። ችግሯ መንትዮቹ ናቸው። ይህ ቋንቋ ምን ዓይነት ጉድ እንደሆነ አላውቅም፣ ለአንዱ ቃል መልኩን የወሰደ ወንድም ሳያበጅለት አይለቀውም። ፎጣው ታወል ነው፣ ሰማይ ጠቀሱ ግንብ ታወር። ሶፕ ካልከው ትታጠብበታለህ፣ ሱፕ ካልከው ትጠጣዋለህ። መጋረጃው ከርተን፣ የዕቃ መያዣው ካርቶን። ኪችን ወጥ ቤቱ ነው፣ ቺክን ወደ ወጥ ቤቱ የሚወሰደው ዶሮ። ጌስት እንግዳ ነው፣ ጎስት የሙት መንፈስ፤ እንግዲህ በሕያውና በሙት መካከል የቆመችው አንዲት ድምፅ ብቻ ናት፣ እሷንም ጥርስ ያወለቀ ሰው አይለያትም። ስለ አንሶላማ ባላወራ ይሻል ነበር። አንሶላን የሚጠራው ቃል ድምፁ ረዘም ካላለ ነውር ሆኖ ያርፈዋል። ነውሩን እዚህ አልጽፈውም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የማያውቅም ምንም አልቀረበት።

ክረምት መንትዮቹን ለመግራት የያዘችው መንገድ የአጣቢ መንገድ ነበር። የክፍላችን የመጀመሪያ ሕግ መለየት ነው፤ ነጭ ከነጭ፣ ጥቁር ከጥቁር፣ ካልሲ ከጓደኛው። ዕድሜ ልኩን መሳይን ከመሳዩ ሲያጋጥም የኖረ እጅ፣ ቃል ሲሰጡት ሌላ ምን ያደርጋል? እንደ ካልሲ ሁለት ሁለት አድርጋ አጋጠመቻቸው። ከማለዳ ጀምሮ ልብሱን እያሸች «ታወል ታወር፣ ሶፕ ሱፕ» ትላለች፤ እኔም ካውያዬን እየገፋሁ እቀበላታለሁ። ከሆቴሉ ወጥ ቤት ወደ እኛ ተዛውራ የመጣች ባልደረባ አለችን፤ ከመጣችበት ወስደን ወጥ ቤት ነው የምንላት። እሷ ይህን ስትሰማ ሳቋን መያዝ ያቅታትና «እናንተ፣ ይሄ ትምህርት ነው ወይስ ሕፃን ማባበል?» ትለናለች።

እየዋለ እያደረ ግን ነገሩ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። እንዲያውም ባሰበት።

«ጋሼ ካውያ፣» አለችኝ አንድ ቀን ክረምት፣ «ድሮ ቢያንስ አንዱን አውቀው ነበር። አሁን አንዱን ስጠራው ሌላው ቀሚሱን ይዞ ተከትሎት ይመጣል። በሩ ላይ ይጋፋሉ፤ ማንኛቸውም አይወጡም።»

ይለመዳል፣ ትዕግሥት ነው አልኳት። ለሁሉም ነገር የማዘው መድኃኒት ይኸው አንዱ ነው።

ባሏ ጸጉር አስተካካይ ነው፤ ሱቁም የቤታቸው የፊት ክፍል። የእኔንም ጸጉር የሚቆርጠው እሱ ስለሆነ መቀሱ በጆሮ ግንዴ ሲያልፍ የቤታቸው ወሬ አብሮ ይገባል። በጣም ተጫዋች ነው። ፓውደር ሲነሰንስ ደግሞ ለደንበኛው ግማሽ፣ ለራሱ ግማሽ ስለሚያካፍል፣ ሲመሽ ወፍጮ ቤት የዋለ ይመስላል። ሚስቱ በእንቅልፏ ሁሉ ቃል እንደምታጋጥም ነገረኝ። እናቱ ይህን ሰምተው፣ ልጅቷን ምን ነካብኝ ብለው ውሃ ሊረጩባት ቢነሱ፣ እሱ «ተይ እማዬ፣ ውሃ ተከልክላለች» ብሎ አስቀመጣቸው። ሳቅሁ፣ እሱም ሳቀ። ከዚያ መቀሱን አቆመ።

«ትናንት የሸሚዜን ቁልፍ ልትቆልፍልኝ ሞክራ አቃታት፣» አለኝ። «ጣቷ አልታጠፍ አላት፣ ጋሼ።»

የመነጋገሪያው ቀጠሮ ሲቃረብ ሥራ አስኪያጇ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ደረጃ ላይ ስትገናኙ ቀድማ ሰላም የምትል ናት። ክረምትን ልታደፋፍር ብላ ይመስለኛል፣ እጇ ላይ የያዘችው ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት። ክረምት የያዘችው ፎጣ ነው። ነጭ፣ ወፍራም፣ ዕለት ዕለት ስትጠመዝዘው የኖረችው ፎጣ። አፏን ከፈተች። ፎጣውም ግንቡም እኩል መጥተው ጉሮሮዋ ላይ እንደቆሙ ከፊቷ አነበብኩ። ፎጣውን ከፍ አድርጋ አሳየቻት፣ ከዚያ ቀስ ብላ ዝቅ አደረገችው። ሥራ አስኪያጇ ፈገግ ብላ፣ አይዞሽ ብላት ወጣች።

«ነገ ወጥቼ ስሜን አሰርዛለሁ፣» አለች ክረምት። «ፎጣን የማታውቅ የፎጣ ተቆጣጣሪ የት አገር አለ?»

ጓንቷን አጥልቃ ወደ ገንዳው ተመለሰች። እኔም የማዘው መድኃኒት አልቆብኛል። በሆዴ ጸለይኩ፤ ረጅም ጸሎት አይደለም፣ «አንተ ታውቃለህ» ብቻ።

ከሰዓት በኋላ እርጥቡን ልብስ ተሸክመን ወደ ሰገነቱ ወጣን። ገመዶቹ ከዳር እዳር ተወጥረዋል፤ ነፋሱም ለማድረቅ ደህና ነበር። ወጥ ቤት ቀድማን ወጥታ የሁለት እንግዶችን ነጭ ሸሚዞች ትከሻ ለትከሻ አስጠግታ ሰቅላቸው ኖሯል። ክረምት ይህን ስታይ ሐዘኗን ረሳችው።

«ነይ ወዲህ፣ እቴ። ይሄ የማን ነው?»

«የአንደኛው ፎቅ እንግዳ።»

«ይሄስ?»

«የሁለተኛው... ቆይ፣ ወይስ ይሄኛው ነው የአንደኛው?» ወጥ ቤት ወደ አንገትጌው ጎንበስ አለች። ለምልክት የሚሰካው ቁራጭ ከአንዱ ላይ ረግፎ ነፋስ ወስዶታል።

«የሌላው ምልክት ባይተርፍ ምን ይውጥሽ ነበር?» አለቻት ክረምት። «ስሚኝ። ስናጥብ መሳይ ከመሳዩ። ስናሰጣ ግን መሳይን ከመሳዩ አርቂ። በመካከላቸው ቀይም ይሁን ሰማያዊ፣ ሌላ ነገር ይግባ። አለዚያ ስትሰበስቢ እጅሽ ይሳሳታል። ያኔ ጥፋቱ የእጅሽ አይደለም፣ የአሰቃቀልሽ ነው።»

ይህን ብላ አንደኛውን ሸሚዝ አወረደችና የገመዱ ማዶ ጫፍ ላይ ወስዳ ሰቀለችው፤ መካከሉ ላይ አንድ ቀይ የጠረጴዛ ልብስ ጣል አደረገች።

እኔ እርጥብ አንሶላ እንደታቀፍኩ ቀረሁ። ውሃው በሆዴ በኩል ሲወርድ እንኳ አልታወቀኝም።

«ክረምት፣ እስቲ ያልሽውን ድገሚው፣» አልኳት።

«የቱን?»

«ጥፋቱ የእጅሽ አይደለም ያልሽውን።»

እንደ መቀለድ ብላ ጀመረችው። ግማሹ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ዘገየ፣ ከዚያ ቆመ። ሸሚዞቹን አየች፣ እኔን አየች።

«ጎን ለጎን ሰቅያቸው ነው፣» አለች።

«ጎን ለጎን ሰቅለናቸው ነው። ገመዱን የያዝኩልሽ እኔ አይደለሁ?»

ስሟን ልታሰርዝ አልወጣችም። በማግስቱ መንትዮቹን መነጣጠል ጀመርን። ለእያንዳንዱ ቃል የራሱ ቦታ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ውጪ አይነሳም፣ መንትያው ወዳለበትም ዝር አይልም። ሳሙናው ገንዳው ዘንድ ቀረ። ሾርባው ወደ ቤቷ ተላከ፤ ማታ ለአማቷ ሲቀዳ ብቻ እንዲጠራ። አማቷ መጀመሪያ፣ ምን በደልኳት ብላ ነው በፈረንጅ አፍ የምታበላኝ ብለው አኩርፈው ነበር። ሰንበት ብለው ግን ጭማሪ ባማራቸው ቁጥር ሳህናቸውን ገፋ እያደረጉ ራሳቸው «ሱፕ» ማለት ጀመሩ። ግንቡ ሰገነቱ ላይ ሆነ፤ ከመንገዱ ማዶ የስልክ ማማ ቆሟል፣ ልብስ ስታሰጣ ቀና ብላ በስሙ ትጠራዋለች። ፎጣው ዕቃ ቤት ገብቶ የትራስና የብርድ ልብስ ጎረቤት ሆነ። መጋረጃው መስኮት ላይ ቀረ፣ ካርቶኑ ደግሞ ሱቁ ውስጥ፣ የባሏ ፓውደር የሚመጣበት ሳጥን ላይ። ዶሮው ለጎረቤታቸው አውራ ዶሮ ተሰጠ፤ ሲነጋ ከእንቅልፏ ሲቀሰቅሳት የምትመልስለት በስሙ ነው። ወጥ ቤት ደግሞ ከዚያ ወዲህ ኪችን ተባለች። «እኔም ሳልማር ሹመት አገኘሁ፣» ብላ ተቀበለችው።

አንሶላውን እኔ ወሰድኩ። እኔ አንሶላ ስተኩስ ካውያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እስበዋለሁ፤ እሷም አጠገቤ ቆማ ቃሉን ከካውያው ጋር ትስበዋለች። ካውያው ዳር ሳይደርስ ቃሉ አያልቅም። ነውረኛው መንትያው ቦታ አልተሰጠውም፤ ሜዳ ላይ ቀረ።

እንግዳው በር ላይ ቆመ። ለሙት መንፈሱ ግን ቦታ ጠፋ። ቤቴ አላስገባውም፣ ሥራ ቦታም ይዤው አልሄድም አለች። እውነቱን ለመናገር እኔም አልገፋፋኋትም፤ እንዲህ ያለውን ነገር ስሙን ከማንሳት መተው ይሻላል። ነገሩን የፈታው ባሏ ነው፣ ያውም ሳያስበው። ሱቁን ዘግቶ፣ ፓውደሩ ከቅንድቡ እስከ ጫማው አንጥቶት፣ አምፖሉ በተቃጠለው መተላለፊያ ድምፁን አጥፍቶ ብቅ ቢልባት ቃሉ አምልጧት ወጣ። በዚያው ስሙ ሆኖ ቀረ። ለጸጉር ስሄድ ራሱ ነገረኝ። ይህን ያህል ዘመን ባሌ ስባል ኖሬ አሁን የሙት መንፈስ ሆንኩ ብሎ አማረረ፤ ግን ደስ ብሎታል መሰለኝ፣ ፓውደሩን ከወትሮው አብዝቶ ነሰነሰብኝ።

የቀጠሮው ቀን ክረምት ደረቅ ጫማ አድርጋ መጣች። እሷን በደረቅ ጫማ አይተናት ስለማናውቅ ኪችን ዞራ ዞራ አየቻት። እኔ የተተኮሱ ሸሚዞችን ወደየክፍሉ ማድረስ ነበረብኝ፤ መንገዱም በሥራ አስኪያጇ ቢሮ በር በኩል ያሳልፋል። እሺ፣ ትንሽ ዞሬ ነው ያለፍኩት። በሩ ገርበብ ብሏል። ሸሚዞቹን በክንዴ አንጠልጥዬ እዚያው አጠገብ ቆምኩ።

ያላሰብንበትን ነገር ያኔ ነው ያየሁት። ቢሮው ውስጥ ያለው ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና ስልክ ነው። ፎጣ የለም፣ ገንዳ የለም፣ የሚሳብ አንሶላ የለም። ቃሎቿን ሁሉ በየቦታቸው አስቀምጠን፣ ቦታዎቹን ውጪ ትተን፣ እሷን ብቻዋን አስገብተናታል።

ሥራ አስኪያጇ ቀስ እያለች በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት። አንድ እንግዳ ደክሞት ሲገባ ክፍሉን እንደሚገባው ሆኖ ባያገኘው ምን ታደርጊያለሽ ማለቷ ነው። ጥያቄው ለእኔም ገባኝ። ክረምት ግን ዝም አለች። ዝምታዋን አውቀዋለሁ፤ የፎጣው ቀን ዝምታ ነው። ክንዴ በሸሚዞቹ ዛለ፣ አንዱ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ሊወድቅ ሲል በጉልበቴ ያዝኩት። አንተ ታውቃለህ አልኩ እንደገና።

ወንበር ሲገፋ ሰማሁ።

«ፕሊስ፣ ካም፣» አለች ክረምት። «አይ ሾው ዩ።»

ይምጡ ላሳይዎት ማለቷ ነው። በሩ ተከፈተና እሷ ከፊት፣ ሥራ አስኪያጇ ከኋላ ሆነው በአጠገቤ አለፉ። ክረምት አላየችኝም፤ ዓይኗ ቃሎቿን ያስቀመጠችበት ቦታ ላይ ነበር። እኔም ሸሚዞቼን ይዤ ተከተልኩ፤ ሸሚዞቹ እንደሁ የሁለተኛው ፎቅ ናቸው።

ዕቃ ቤቱን ስትከፍት ምላሷም አብሮ ተከፈተ። ፎጣውን አነሳችና በስሙ ጠራችው፤ ግንቡ ሰገነት ላይ ስለሚኖር አልተከተለውም። ትራሱን፣ ብርድ ልብሱን ነገረቻት። ባዶ ከነበሩት ክፍሎች አንዱን ከፍታ መጋረጃውን ሳበች፣ የመታጠቢያውን ሳሙና በጣቷ ነካች፣ የጎደለውን ጠቆመች። አልጋው ዘንድ ስትደርስ መዳፏን ከራስጌ እስከ ግርጌ እንደ ካውያ እየሳበች አንሶላውን ጠራችው፤ ቃሉ ያለቀው ከአልጋው ጋር ነው። ሥራ አስኪያጇ ሳቋን ዋጠች። ሰዋስው አልነበረም፣ አያያዡም ጎርባጣ ነው፤ ግን ምን እንደምታደርግ፣ ከምን እንደምትጀምር፣ እንግዳውን የት እንደምታስቀምጠው ሁሉ ተሰማ። ከዚያ በሩ ላይ ቆመችና ሥራ አስኪያጇን እንደ እንግዳ ቆጥራ የሚጎድል ነገር እንዳለ ጠየቀቻት።

ሥራ አስኪያጇ ጨዋታው ገብቷት እንደ እንግዳ መለሰች፣ ፈጠን አድርጋ። ክረምት ቃሉን አላወቀችውም። ፊቷን አየሁት፤ አልደነገጠችም። ይቅርታ፣ ይህን ቃል አላውቀውም፣ ያሳዩኝ አለቻት በእንግሊዝኛ። ሥራ አስኪያጇ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄዳ ባዶውን ዘንግ ጠቆመች። የልብስ መስቀያ የለበትም። ክረምት ቃሉን ለራሷ ደገመችው፣ ዕቃ ቤት ሄዳ መስቀያውን አምጥታ ዘንጉ ላይ አኖረችው።

«ቢሮ ውስጥ ለምን ዝም አልሽኝ?» አለቻት ሥራ አስኪያጇ፣ አሁን በራሳችን ቋንቋ።

«እዚያ የተሰቀለ ነገር የለማ፣ እመቤቴ።»

ምን ማለቷ እንደሆነ የገባው ለእኔ ነው። ሥራ አስኪያጇ ግን ትንሽ አሰበችና፣ እንግዶቹም የሚያርፉት ቢሮዬ ውስጥ አይደለም አለች። ከሰኞ ጀምሮ ወደ ሁለተኛው ፎቅ እንድትወጣም ነገረቻት።

ክረምት ወደ ምድር ቤት ስትወርድ አልሮጠችም፣ አልጮኸችም። ገንዳው ዳር ተቀመጠች። ከዚያ ሌላ መንትያ እንዳገኘች ነገረችን፤ የልብስ መስቀያውና ረሃቡ በእንግሊዝኛ፣ ለጆሮ ሁለቱም ሃንገር የሚባሉ ወንድማማች ናቸው። መስቀያውን ቁም ሳጥን ውስጥ ትቼው መጥቻለሁ፣ ረሃቡን ለማን እንስጠው ብላ ጠየቀች።

«ለእኔ ስጡኝ፣» አለች ኪችን። «በእናንተ ጭንቀት ምሳዬን አልበላሁም።»

የፎቅ ተቆጣጣሪዎች ልብስ ሰማያዊ ነው። የክረምትና የአንደኛው ፎቅ ተቆጣጣሪ ልክ አንድ ስለሆነ ልብሶቻቸው አይለዩም። መጀመሪያ የታጠቡ ዕለት ከኪችን ጋር ወደ ሰገነቱ ይዘናቸው ወጣን። ኪችን ማንም ሳያዛት የክረምትን ወስዳ ማዶ ጫፍ ላይ ሰቀለችው፤ መካከሉ ላይ ያቺን ቀይ የጠረጴዛ ልብስ አደረገች። በዚያ መሐል ክረምት ራሷ በትርፍ ልብሷ ሆና ብቅ አለች። «በዚህ በኩል ሳልፍ ነው፣» አለች። አንሶላ ስንጨምቅ አይታ ጫፉን ልትይዝ እጇን ዘረጋች፤ እኔና ኪችን እኩል ጮህንባት። እጇን ወደ ኪሷ መለሰች። ስንጥቁ እየገጠመ ነበር፤ አዲሱ ቆዳ እንደ ሕፃን ቆዳ ቀላ ብሏል።

ኪችን፣ እንግዲህ ስምሽ በጋ ይሁን አለቻት።

«አይሆንም፣» አለች። «ያው ክረምት ነኝ። ዝናቡ ብቻ ነው ያባራው።»

ነፋሱ የእጅጌዋን ቁልፍ ፈትቶት ኖሯል። ስልክ ማማውን እያየች፣ ሳታስበው፣ በሌላ እጇ ቆለፈችው። ጣቷ ታጠፈ። እኔም ቀና ብዬ የማውቃትን አጭር ጸሎት ልል አልኩና፣ በዚህኛው ጊዜ ተመስገን ብቻ ብዬ አንሶላዬን ሰቀልኩ።